ምራቅ ሳይደርቅ

ማንም ይልከኝ ነበር። እናቴ ብቻ ሳትሆን ጎረቤትም፣ ጎረቤት ቤት ቡና ሊጠጣ የመጣ እንግዳም፣ ከመንገድ ማዶ አጥር ተደግፎ ፀሐይ የሚሞቅ ሽማግሌም። «አንተ ልጅ፣ እስኪ ና!» ከተባለ በኋላ ሰውየው ማን ነው፣ ምን አገባው ብሎ ነገር የለም። ኳስ ላይ ብትሆንም ጥለህ ትሄዳለህ። ሳንቲሙን መዳፍህ ላይ ያደርግና መሬት ላይ እንትፍ ብሎ «ይቺ ምራቅ ሳትደርቅ እንድትመጣ!» ይልሃል። ከዚያ ወዲያ መሮጥ ነው።

ደሴ ለዚህ ነገር የምትመች ከተማ ናት። ክረምት ላይ ጦሳ ጉሙን ሲለቅባት ምራቁ ቀርቶ የተሰጣ ልብስም አይደርቅ፤ ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴ መንገድ ላይ ቆም ብሎ ሁለት ሦስቴ ኳስ ለመምታት ጊዜ ይገኝ ነበር። በጋ ላይ ግን ፀሐዩና ነፋሱ ተባብረው ያስፈርዱብሃል። ስንመለስ ከላኪው ጋር ጎንበስ ብለን አፈሩን እንመረምራለን። «ይኸው፣ ደርቋል!» «ኧረ ገና ነው ጋሼ፣ ይኸው እኮ ይረጥባል!» ክርክሩ በሳቅ ያልቅና ምርቃት ይከተላል፦ እደግ፣ ተመንደግ፣ ለወላጆችህ ያቆይህ። ደመወዛችን ይኸው ነበር። ለመላክ ሳንቲም መቀበል ነውር ነው። ቢሰጡህ እንኳ እጅህን ወደ ኋላ ደብቀህ «አይ፣ አልፈልግም» ትላለህ፤ ዓይንህ ሳንቲሙ ላይ ቢቀርም።

ይህ ሁሉ በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ስኳርና ዘይት በቀበሌ ሱቅ በኩፖን በሚታደልበት፣ ወረፋው ላይ ድንጋይ ደርድረን ቦታ በምንይዝበት ዘመን። ታላላቆቻችን ትምህርት ቤት ውስጥ ግብረ ገብ ተምረዋል። እኛ ስንደርስ ያ ቀርቶ ስለ አብዮቱ ነበር የምንማረው። በቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ልጅ ዐሥርቱ ትእዛዛትን በቃሉ ይወጣ ይሆናል፤ እኔም እወጣው ነበር። ግን ዛሬ አንድ ነገር ላደርግ ስል፣ በተለይ ማንም በማያየኝ ጊዜ፣ ትዝ የሚለኝ ትእዛዝ አይደለም። የሰው ፊት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ የሐጂ ፊት።

የሐጂን ስም የሚጠራ አልነበረም። ለሰፈሩ ሁሉ ሐጂ ነበሩ። መካ ሄደው ይሁን በአክብሮት ብቻ የተሰጣቸው ስም ይሁን፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩም። ሱቃቸው ከእኛ ቤት ሁለት በር አልፎ ነበር። ጠባብና ጨለም ያለች፣ ገና ደጃፏ ላይ ስትደርስ ነጭ ጋዝ፣ በርበሬና የልብስ ሳሙና ባንድ ላይ የሚሸቱባት ሱቅ ናት። ጨው፣ ክብሪት፣ ሻማና ቡና ይሸጣሉ። ሚዛኑ እኩል ከሆነ በኋላ ሁልጊዜ በሦስት ጣታቸው ቆንጥረው ምርቃት ይጨምራሉ። ልጅ ሲላክ ደግሞ ምርቃቱ በዛ ይላል፤ እቤት ሲደርስ «አጎደልክ» ተብሎ እንዳይገረፍ ነው።

ከመደርደሪያው ላይኛው እርከን፣ ከሻማው አጠገብ፣ ባዶ የክብሪት ቀፎዎች በተርታ ይቀመጡ ነበር። ልጅ ሆኜ ለምን እንደማይጥሏቸው አይገባኝም ነበር። አንድ ሰኞ ገባኝ። ሰኞ በደሴ የገበያ ቀን ነው፤ ከገጠር የሚመጣው ሰው ከነአህያው መንገዱን ይሞላዋል። ግንባራቸው ላይ ንቅሳት ያላቸው አንዲት ሴት ጨው ገዝተው ወጡ። ትንሽ ቆይቶ ሐጂ መሳቢያቸውን ሲያዩ ለካ ስሙኒ አጉድለውባቸዋል። በር ላይ ወጥተው አዩ፤ ሴትየዋ ግርግሩ ውስጥ ገብተዋል። ተመልሰው አንድ ቀፎ አወረዱ፣ ስሙኒዋን ከተቱባትና ወደ እኔ ዞሩ።

«አይተሃታል አይደል? የእኔ ዓይን ደክሟል። ሰኞ ሰኞ እዚህ በር ላይ ሁንልኝ። ስታያት ጥራኝ።»

በቀሩት ቀፎዎች ውስጥም ያለው እንደዚያው የሰው ገንዘብ ኖሯል። መልሱን የረሳ፣ ትርፍ የሰጠ፣ ዕቃ ሳይወስድ ከፍሎ የሄደ። ሐጂ መጻፍ አይችሉም ነበር፤ የትኛው ቀፎ የማን እንደሆነ ግን አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም።

እኔም ሥራ አገኘሁ። ሰኞ በመጣ ቁጥር ከትምህርት ቤት መልስ ሱቁ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ የሴቶችን ግንባር ማየት ነው። ብዙ ሰኞ አለፈ። የሰለቸኝም ጊዜ ነበር፤ ሐጂ ግን «ዛሬስ?» ብለው ሲጠይቁኝ ውጤቱን የምነግራቸው እንደ ቁም ነገረኛ ሰው ነው። በመጨረሻ ሴትየዋ መጡ። እየጮህኩ ሐጂን ጠራኋቸው። ሐጂ ቀፎዋን ከፍተው ስሙኒዋን ሲሰጧቸው ሴትየዋ ኮስተር አሉ። «የእኔ አይደለም። እኔ መልሴን ቆጥሬ ነው የሄድኩት።» «አይደለም፣ አጉድዬብሻለሁ።» «ኧረ በአላህ ሐጂ፣ የሰው ገንዘብ አልወስድም።» «የሰው አይደለም እኮ የምልሽ!» ሁለቱም ተቆጡ። ገበያተኛው ቆሞ ያዳምጣል። አንዱ ሽማግሌ «በሉ ለዚህ ልጅ ስጡትና ይለይላችሁ» ሲል ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔ ደግሞ እጄን ወደ ኋላ ደበቅኩ። ስሙኒዋ ተመልሳ ቀፎዋ ውስጥ ገባች።

የሐጂን ባለቤት እማዬ ነበር የምላት። እናቴን በስሟ ነው የምጠራት፤ የደሴ ልጅ ሁሉ እንዲያ ነው። በእማዬና በእናቴ መካከል አንዲት ጠርዟ የተሸረፈ ሰማያዊ የእንቁላል ቅብ ሳህን ትመላለስ ነበር። የማን እንደሆነች መጀመሪያ ላይ ይታወቅ ይሆናል፤ እኔ ነገር ሳውቅ ግን የማንም አልነበረችም። ሕጉ አንድ ነው፦ ባዶዋን አትመለስም። ከእማዬ ቤት ቂንጬ ይዛ ከመጣች በበቆሎ እሸት ወይም በድፎ ዳቦ ቁራጭ ትመለሳለች። እቤት ምንም ከሌለ እናቴ ጥቂት ቀን ታቆያታለች እንጂ ባዶዋን አትልክም። በረመዳን ማታ ማታ ሾርባና ሳምቡሳ፣ በፋሲካ ጾም የሽሮ ወጥ። ሥጋ ብቻ በዚህች ሳህን አያልፍም። የክርስቲያን ሥጋና የእስላም ሥጋ በአንድ ዕቃ አይገናኝም፤ ይህን ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም ነበር።

አክስቴ ስትዳር ይህ ነገር ምን ያህል እንደሚያደክም አየሁ። ለእስላም እንግዶች የሚታረደው በግ ከነገመዱ ለሐጂ ቤት ተሰጠ። የሐጂ ትልቁ ልጅ በጨርቅ የተጠቀለለ የራሱን ቢላ ይዞ መጣ። የእማዬ ጓደኞች ድስታቸውን፣ ማማሰያቸውን፣ ጭልፋቸውን፣ ሌላው ቀርቶ የእሳት መቆስቆሻቸውን ሳይቀር ተሸክመው መጥተው በጓሮው ማዶ ጉልቻ ጎለቱ። ድንኳኑም ሁለት ነበር። እናቴ የሙሽራዋን እንባ ትታ ማማሰያ ስትጠብቅ ዋለች። ልጆች አንዱን ጭልፋ ከወዲህ ወዲያ ቢወስዱት፣ አንዱ እንግዳ ሳያውቅ የማይበላውን ቢበላ፣ በእድሜ ልክ የማይለቅ ነገር ነው። «ሰው አምኖኝ ነው ቤቴ የገባው» ትላለች ደጋግማ። ሌላ ቦታ ያሉ ሰዎች ስለ ወሎ ሲያወሩ መቻቻል፣ ፍቅር፣ አብሮ መብላት ይላሉ። እኔ ያየሁት ፍቅሩ እንዳለ ሆኖ፣ ከሁሉ በላይ ጭልፋ መቁጠር ነው።

ደግሞም ከሰማይ የወረደ ደግነት አልነበረም። ከደሴ በስተሰሜን ቅርብ ቦሩ ሜዳ አለ። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ እዚያ ጉባኤ አድርገው የሃይማኖቱን ክርክር ከቋጩ በኋላ የወሎ እስላም እንዲጠመቅ ታወጀ። የወሎው ባላባት መሐመድ ዓሊ ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ራስ፣ ከዚያም ንጉሥ ሆኑ፤ ደሴ ላይ አይጠየፍ የሚባለውን የግብር አዳራሽ ያሠሩት እሳቸው ናቸው። ያልተጠመቀው ተሰደደ፤ እንደ ሸህ ጦልሃ ጃዕፈር ያሉት ደግሞ ተነሥተው ተዋጉ። ብዙ ደም ፈሷል። ይህን ሳውቅ ትልቅ ሰው ሆኜ ነው፤ በልጅነቴ ማንም አልነገረኝም። የሰፈራችን ሰው ስም ግን ይናገር ነበር፦ ልጁ ኃይለ ማርያም፣ አያቱ ሐሰን፤ ወይም የአባቷ ስም ገብሬ የሆነ ፋጡማ። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለቱ ሃይማኖት ተፈራርቆ ያለፈበት ሕዝብ ነው። እንዲህ ዓይነት ሕዝብ አብሮ ለመኖር ድስት ይለያል፣ ቢላ ይለያል፣ ድንኳን ይለያል፤ ከዚያ በኋላ ቀብር አብሮ ይወጣል። በእድራችን ክርስቲያኑ የእስላሙን መቃብር ይቆፍራል፣ ቃሬዛውን ይሸከማል፣ መስጊዱ ደጅ ቆሞ ይጠብቃል።

ከዚህ ሁሉ ጨዋነት ጋር አብሮ የተማርኩት አንድ ነገር ሁልጊዜ ያስቀኛል። እናቴ ውሸት ስታገኝብኝ ትገርፈኝ ነበር። ይኸው ሴት ግን ሰው ቤት ስንሄድ፣ በር ላይ ሳንደርስ ነጠላዬን እያስተካከለች «ብላ ቢሉህ በልቻለሁ በል» ትለኛለች። አልበላሁም። እሷም ታውቃለች። የቤቱ እመቤትም ታውቃለች። «ብላ እንጂ የኔ ልጅ።» «በልቻለሁ።» «እስኪ ትንሽ ቅመስ።» «ኧረ ጠግቤያለሁ።» ሦስተኛው ልመና ላይ፣ «በሞቴ» ሲጨመርበት፣ ወደ እናቴ አያለሁ። ዓይኗ ከለሰለሰ እበላለሁ። ከገለመጠችኝ በሆዴ ጩኸት መካከል «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ እቀመጣለሁ። ለምን እንዲህ ይደረጋል ብዬ ሳስበው፣ ያኔ የብዙ ሰው ቤት ጉድለት ነበረበት። መጀመሪያ ሲጠራ ዘሎ ማዕድ የሚቀርብ ልጅ፣ ባለቤቱ ከሌለው ላይ እንዲቆርስ ያስገድደዋል። ሦስቱ ልመና ባለቤቱ በክብር የሚያመልጥባት ቀዳዳ ናት። ለልጅ ግን ማን ይህን ያስረዳል? ቁንጥጫው ብቻ ነው የሚደርሰው።

ቁንጥጫ ካነሣሁ፣ ማንኛውም ትልቅ ሰው የመቆንጠጥ መብት ነበረው። መንገድ ላይ ሰው ሰላም ሳልል ካለፍኩ የማላውቀው ሰውዬ ጆሮዬን ይዞ እቤት ያደርሰኛል፤ እናቴ አመስግና ቡና ትጋብዘውና እሱ ሲሄድ ትደግመኛለች። ከዱላው ይልቅ የሚፈራው «አሳዳጊ የበደለው!» መባል ነው። ስድቡ በእኔ በኩል አልፎ እናቴ ላይ ያርፋል። ይህን ዛሬ በናፍቆት የሚያወሩ እኩዮቼ አሉ፤ እኔ አብሬያቸው አላወራም። ከዚያ ሁሉ እጅ መካከል ክፉ እጅም ነበረና፤ የማንም ልጅ መቅጣት የሚችል ሰው ክፉ በሆነ ጊዜ ለልጁ የሚጮህለት አልነበረም። እህቴም ይህን ሳወራ ስትሰማ አትታገሥም። «አንተ ስለ ምራቅ ታወራለህ፤ እኔ በምራቅ አልነበረም የምላከው፣ በእንስራ ነበር» ትላለች። እውነቷን ነው። እኔ ተልኬ ስመለስ እመረቃለሁ። እሷ ውሃ ቀድታ፣ እንግዳ አስታጥባ፣ ቡና አፍልታ፣ ሳቋ ትንሽ ከፍ ካለ «ሴት ልጅ እንዲህ አትስቅም» ትባላለች። ጨዋ ለመባል እኔ የከፈልኩትና እሷ የከፈለችው ዋጋ እኩል አይደለም።

ሰኞ ገበያ ሸክላ ተራም ነበር። እናቴ ጀበና ስትገዛ በጣቷ ኳ ኳ እያደረገች ድምፁን ታዳምጣለች፤ የተሰነጠቀ ከሆነ ድምፁ ያሳብቃል። ሁልጊዜ የምትገዛው ከአንዲት ሸክላ ሠሪ ነው። እጇ የታወቀ ነበር፤ የሷ ጀበና ቡና አያፈስም፣ አፉም አይንጠባጠብም። እናቴ «እታለም» እያለች በጣፋጭ አንደበት ነው የምታነጋግራት። አንድ ቀን ሴትየዋ እኔን አይታ ከጆንያው ውስጥ ጭብጥ የምታህል መጫወቻ ጀበና አወጣችና ሰጠችኝ። እጀታም፣ አንገትም፣ ጡትም ያላት፣ ልክ እንደ ትልቋ። እጄን ወደ ኋላ አልደበቅኩም። እናቴ አመሰገነች፣ መረቀቻት፣ «እጅሽን ይባርከው» አለቻት። ከገበያው ወጥተን ጥግ እንደታጠፍን ከእጄ ተቀበለችኝ። እቤት ስንደርስ የአጥሩ እንጨት ጫፍ ላይ ሰካቻት። «ከባለ እጅ የተቀበሉት እቤት አይገባም። ዓይን አለበት።» ክረምቱን ሙሉ እዚያው ሰነበተች።

የዚያች ሴት ትልቁ ጀበና ግን በየቀኑ እሳታችን ላይ ነበር። እማዬ መጥታ፣ ሐጂ ከሱቅ ብቅ ብለው፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚጠጣው ከሱ ነው፤ «ቡና ጀባ» የሚባለው፣ ለአገር ሰላም ዱዓ የሚደረገው በሱ ዙሪያ ነው። ከእማዬ ጋር ድስት ለይታ አብራ የምትበላ እናቴ፣ ከሸክላ ሠሪዋ ጋር ለይታም አትበላም። ሐጂም ያው ናቸው። የስሙኒዋን ባለቤት በጋውን ሁሉ ያስፈለጉኝ ሰው፣ ሸክላ ሠሪዋ ጨው ልትገዛ ስትመጣ ሳንቲሙን ባንኮኒው ላይ እንድታስቀምጥ ያደርጋሉ፤ ከእጇ አይቀበሉም። መልሱን ግን አሟልተው ነው የሚሰጧት። ምርቃትም ይጨምሩላታል። ቡዳ የሚባለውን ነገር ያስተማረኝ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ መጣሉ ቀላል ነበር። ያስተማሩኝ እነዚያው አደራ ምን እንደሆነ ያሳዩኝ ሰዎች ናቸው፤ በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ርኅራኄ፣ እንድጠበቅ ብለው። አንዱን ይዞ ሌላውን ለመተው ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ አሁንም አንዳንድ ጊዜ ምግብ ስበላ የማላውቀው ሰው ትኩር ብሎ ሲያየኝ እጄ ሳህኔን ከለል ሊያደርግ ይሞክራል። አእምሮዬ አያምንበትም። እጄ ግን በዚያ ሰፈር ነው ያደገው።

መስከረም 1977 ላይ ሬዲዮው ስለ አብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሌት ተቀን ያወራ ነበር። በዚያው ሰሞን በወልድያ መንገድ ረሃብ ያሳደደው ሰው መምጣት ጀመረ። በኮረም መጠለያ የሆነውን ነገር ዓለም በቴሌቪዥን ሳያይ በፊት እኛ በበራችን አየነው፤ ቁመት ብቻ የቀራቸው ሰዎች፣ ድምፅ የማይወጣው የልጅ ለቅሶ። እናቴ መጀመሪያ እንጀራ ሰጠች። የጤና ረዳት የሆነ ጎረቤታችን ሲያይ ጮኸ፦ «እንጀራ አትስጡ! ሆዳቸው አይችልም፣ ትገድሏቸዋላችሁ። አጥሚት፣ ቀጠን ያለ፣ ጥቂት ጥቂት!» ከዚያ በኋላ እማዬና እናቴ አጥር ሥር አንድ ትልቅ ድስት ጣዱ። አንድ ድስት። ሥጋ የለበትም፤ የሚለይ ነገር የለም። እህቴ ታማስላለች፣ እኔ በኩባያ አድላለሁ። ያን ጊዜ እናቴ ማን ባለ እጅ ነው፣ ማን ከየት ነው አላለችም፤ በገዛ እጇ የልጆች አፍ ላይ ኩባያ ስትይዝ አይቻለሁ።

በራቸውን የቆለፉም ነበሩ። ተስቦ ገብቷል ይባል ስለነበር ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም። ግን እነሱንም ያሳደጋቸው ያው ሰፈር ነው፤ ያው ቡና፣ ያው እድር፣ ያው «ነውር ነው»። ሰፈሬ ለሚያውቀው ሰው ያለውን ሁሉ ይሰጣል። የማያውቀው ሰው በጅምላ ሲመጣበት ግን ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ የተማረው ነገር አልነበረውም፤ እያንዳንዱ ቤት በየራሱ ወሰነ። ረሃቡ ሲያልፍም ብዙ ነገር ወደ ቦታው ተመለሰ። ሸክላ ሠሪዋም እንደገና ባንኮኒው ላይ ሳንቲሟን አስቀመጠች።

ሐጂ ካረፉ ቆይተዋል። ሱቁን የያዘው ያ ቢላውን በጨርቅ ጠቅልሎ የመጣው ልጃቸው ነው። በ2014 ጥቅምት የሰሜኑ ጦርነት ደሴ ሲደርስ እናቴ በአንድ ፌስታል ልብስ ከወንድሜ ጋር ወደ አዲስ አበባ ወጣች። ቁልፉን ለሐጂ ልጅ ሰጠችው። እሱ ቤተሰቡን አሽሽቶ ራሱ ቀረ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተማዋ ስትለቀቅና እናቴ ስትመለስ ቤቱ ተበርብሮ ነበር። የሐጂ ልጅ በር ላይ ጠብቆ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ሰጣት። የጠፋውን መዝግቦታል፦ ቴሌቪዥን፣ ሁለት ብርድ ልብስ፣ የወንድሜ ጫማ። ከታች ደግሞ በሌላ ቀለም፦ «ስኳር አንድ ኪሎ፣ ዘይት ግማሽ ሊትር፦ እነዚህን የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ ቤት ምንም አልነበረም። ተክቻለሁ።» ኪሎዋ ስኳር ጠረጴዛው ላይ ነበረች። እናቴ በስልክ ስትነግረኝ የተቆጣች ትመስል ነበር። «ስኳር ይጻፋል? ምን ነካው ይሄ ልጅ!» አባቱን የማታውቅ ይመስል።

እኔ አሁን የምኖረው አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ ደረጃው ላይ ኳስ የሚያንከባልል የጎረቤት ልጅ አግኝቼ «አንተ ልጅ፣ እስኪ ዳቦ ግዛልኝ» ልለው አፌን ከፈትኩ። እናቱ ከላይ በመስኮት ታየኛለች። ስሜን አታውቅም፤ እኔም የሷን አላውቅም። አፌን ዘጋሁት። እሷ ብትጠረጥረኝ አልፈርድባትም፤ እኔም ብሆን የራሴን ልጅ ከማላውቀው ሰው ጋር አልልክም።

ባለፈው ረመዳን ግን ከታችኛው ፎቅ ያሉ ከጅማ የመጡ ጎረቤቶቻችን ለኢፍጣር ጠሩን። ልጄን ይዤ ወረድኩ። ገና ጫማችንን ሳናወልቅ የቤቱ እመቤት «በልተሻል የኔ ቆንጆ?» አለቻት። «አልበላሁም። በጣም ርቦኛል» አለች ልጄ፣ ጮክ ብላ። ሴትየዋ በሳቅ ፈረሰች። እኔ ደግሞ ምንም ሳላስብ ልጄን ገለመጥኳት፤ ልክ የእናቴን ግልምጫ፣ ከነቅንድቡ። ልጄ አየችኝ፣ ምን ማለት እንደሆነ አልገባትም።

«አባዬ፣ ዓይንህን አመመህ?» አለችና ሳምቡሳ አነሳች።